መኪናው እስኪደርስ፦ በአንድ ሠፈር የበጎ ፈቃድ የአደጋ ጊዜ ቡድን አቋቁሞ ማሠራት

በመሐል አዲስ አበባ በቀሩት የድሮ ሠፈሮች፣ ከአራዳ እስከ ልደታ፣ ከአዲስ ከተማ እስከ ቂርቆስ፣ አንድ ቤት ብቻውን አይቃጠልም። የጭቃ ግድግዳው ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ከግድግዳው በላይ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሐል ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ ያለ መከለያ ከቤት ወደ ቤት ይቀጥላል። እሳት በዚያ በኩል ሲሄድ ታች ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ሰው አያየውም፤ የሚያውቀው የኮርኒሱ ላስቲክ ቀልጦ መንጠባጠብ ሲጀምር ነው። የእሳት አደጋ መኪና በበኩሉ ዋናው መንገድ ላይ በፍጥነት ደርሶ የቅያሱ አፍ ላይ ሊቆም ይችላል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ላይ በተነሳው ቃጠሎ የመንገዱ ጥበትና መጨናነቅ የማጥፋቱን ሥራ ምን ያህል እንዳከበደው ከተማው ሁሉ አይቷል።

የሠፈር ቡድን ሥራ መኪናው ከመድረሱ በፊት ያሉትን ደቂቃዎች መጠቀም ነው፦ ቶሎ ማወቅ፣ በትክክል መደወል፣ መኪናውን መርቶ ማስገባት፣ መብራት መቁረጥ፣ ሰው ማውጣት፣ ገና ትንሽ የሆነን እሳት ማጥፋት፣ የተጎዳን ሰው ሐኪም እስኪያገኘው ማቆየት። ከዚህ አልፎ የተያያዘ ቤት ውስጥ ልግባ የሚል ቡድን ሰው ያስጎዳል፤ ይህን ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ በግልጽ ተነጋገሩበት።

1. ከዕድሩ ጀምሩ

አዲስ ማኅበር መመሥረት አያስፈልግም። ዕድሩ የአባላት መዝገብ አለው፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ ድንኳንና ወንበር የሚያስቀምጥበት ዕቃ ቤት አለው፤ ከሁሉም በላይ ሰው ሲጠራ ይመጣለታል። ሐሳቡን በወርኃዊው ስብሰባ ላይ አቅርቡና ከ40 እስከ 60 አባወራ የሚሸፍን አንድ ቡድን እንዲቋቋም አስወስኑ። ከ60 በላይ ከሆነ ሠፈሩን ለሁለት ክፈሉት፤ ሰው የማያውቀውን ቤት ሊጠብቅ አይችልም።

ቀጥሎ ወረዳ ሂዱ። የቡድኑን ዓላማና የአባላቱን ስም የያዘ አንድ ገጽ ደብዳቤ በዕድሩ ማኅተም አስገቡ። ደብዳቤው ላይ ቡድኑ ሰው እንደማይፈትሽ፣ እንደማያስርና ጸጥታ የማስከበር ሥልጣን እንደሌለው በግልጽ ጻፉ፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ከባለሥልጣንም ከጎረቤትም የሚመጣውን ጥርጣሬ ያስቀራል። ሥልጠና ለማግኘት ለከተማው የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በደብዳቤ ጠይቁ። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ለማግኘት ደግሞ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አነጋግሩ። ከአሥራ ሁለቱ አባላት ቢያንስ አራቱ የመጀመሪያ እርዳታን በእጃቸው ሠርተው የተማሩ ይሁኑ።

አሥራ ሁለት የምንለው ስድስት ሥራ ለሁለት ለሁለት ሰው ስለሚከፈል ነው፦ ደዋይ፣ መንገድ መሪ፣ መብራት ቆራጭ፣ ሰው አውጪ፣ አጥፊ፣ እርዳታ ሰጪ። ከየጥንዱ አንዱ ቀን ቀን ሠፈር የሚውል፣ ሌላው ማታ ማታ የማይጠፋ መሆን አለበት። ብዙ ቡድን የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ጉልበት ይታይና አሥራ ሁለት ወጣት ይመረጣል፤ ወጣቶቹ ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ሥራ ላይ ናቸው። ቀን ሠፈር ውስጥ ያለው ጉልት የምትቸረችረው እናት፣ የሱቁ ልጅ፣ ጡረታ የወጡት አባት፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ናቸው። ለመደወል፣ መንገድ ለመምራትና ብሬከር ለማውረድ ጉልበት አያስፈልግም፤ ቦታው ላይ መገኘት ይበቃል።

2. ሠፈሩን በገመድ ለኩት

3.5 ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ ቁረጡና ሁለቱን ጫፍ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት። ከዋናው መንገድ ጀምራችሁ በየቅያሱ እየገባችሁ፣ አንድ ሰው ግራ አንድ ሰው ቀኝ ይዞ ዘርጉት። የእሳት አደጋ መኪና ወርዱ 2.5 ሜትር ያህል ነው፤ ግን ስፖኪዮው፣ የሚከፈተው የጎን ሳጥንና ቱቦ ይዞ የሚወርደው ሰው ሲጨመሩ ከ3.5 ሜትር ያነሰ መንገድ አያሠራም። ገመዱ የማይዘረጋበትን እያንዳንዱን ነጥብ ምክንያቱን ጨምራችሁ መዝግቡ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ግድግዳ አይደለም፤ የአሸዋ ክምር፣ ሁለት ዓመት የቆመ መኪና፣ ወደ ውጭ የተገፋ የሱቅ ደረጃ፣ ልብስ ማስጫ ብረት ነው። እነዚህን ባለቤቱን በማነጋገር ማስነሳት ይቻላል። ጭነት የያዘ አይሱዙ እየተንገዳገደ የሚያልፍበት ቅያስ እሳት አደጋን አያሳልፍም ብላችሁ ውሰዱት።

ከላይ የተንዠረገገ ሽቦ ካለ በዓይን ብቻ እዩ፤ በእንጨት ለመለካት አትሞክሩ። ሌሊት የሚቆለፍ የቅያስ በር ካለ ቁልፉ ሦስት ቦታ ይኑር፦ ጥበቃው ጋ፣ ደዋዩ ጋ፣ በሩ አጠገብ ያለ ቤት።

ከዚያ ቤት ለቤት ዙሩ። በየቤቱ የምትጠይቁት አምስት ነገር ነው፦ ስንት ሰው ያድራል፣ ብቻውን መውጣት የማይችል አለ ወይ፣ የጋዝ ሲሊንደር አለ ወይ፣ ቆጣሪውና ዋናው ብሬከር የት ነው፣ ሁለተኛ መውጫ አለ ወይ። እንጨት ቤት፣ ጋራዥ፣ የከሰል መጋዘንና ቤንዚን በጀሪካን የሚያስቀምጥ ሰው ካለ ለብቻው ይመዝገብ። ይህ ዝርዝር የሰው ጓዳ ነው፤ ማን የአልጋ ቁራኛ እንደሆነ፣ ማን ብቻውን እንደሚያድር ይናገራል። በሁለት ወረቀት ብቻ ጻፉት፣ ሁለት ሰው ይያዘው፣ ቴሌግራም ላይ አይለጠፍ።

ዝርዝሩ በየሦስት ወሩ ካልታደሰ ይበላሻል። የኮሪደር ልማቱ ፒያሳንና ካዛንቺስን ከነካ ወዲህ ነዋሪው ተነሥቷል፣ መንገዱ ተቀይሯል፤ አቅጣጫ የምንናገርባቸው ብዙ ቤቶች የሉም። ሰው ግን አሁንም በፈረሰው ሆቴልና በተነሣው መድኃኒት ቤት ስም አቅጣጫ ይነግራል። ለስልክ የምትጠቀሙበት ምልክት ዛሬ ቆሞ የሚታይ መሆኑን በእግራችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ።

3. የስልክ ካርድ

ቁጥሮቹ አጫጭር ናቸው፦ እሳትና አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ የመብራት ብልሽት 905። ቁጥሩን ማወቅ ግን ግማሹ ብቻ ነው። የደነገጠ ሰው «ኧረ ድረሱልን፣ እየተቃጠልን ነው!» ብሎ ይዘጋዋል፤ የት እንደሆነ ሳይናገር። ስለዚህ በየቤቱ በር ጀርባ፣ በሱቁና በጥበቃው ቤት የሚለጠፍ በትልቅ ፊደል የተጻፈ ካርድ አዘጋጁ። ካርዱ ተነባቢ ይሁን፣ ደዋዩ እንዳለ ያንብበው፦

«እሳት ተነስቷል። ክፍለ ከተማ ______፣ ወረዳ ______፣ ሠፈሩ ______ ይባላል። ከ______ አደባባይ ወደ ______ ሲመጡ በስተ______ ያለው ቅያስ ነው። የቅያሱ አፍ ላይ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሰው ይጠብቃችኋል። የሚቃጠለው ______ ነው። ውስጥ ሰው አለ / የለም / አይታወቅም። ስልኬ ______ ነው።»

ቦታውን የሚናገሩት ባዶ ቦታዎች ቀድመው ተሞልተው ይታተሙ፤ ለደዋዩ የሚቀሩት የሚቃጠለው ነገር፣ የሰው ሁኔታና ስልኩ ብቻ ናቸው። ስልኩን መጀመሪያ የሚዘጋው ተቀባዩ ይሁን። ደዋዩ ከደወለ በኋላ ስልኩን ነጻ ያድርግ፤ ዘመድ ሁሉ ሲደውልለት ሾፌሩ ሊያገኘው አይችልም።

መንገድ መሪው ወዲያው ወደ ዋናው መንገድ ይወጣል። ሰደርያና የእጅ ባትሪ ይይዛል፤ መኪናው ከሚመጣበት አቅጣጫ ፊት ለፊት ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ወደ እሳቱ ተመልሶ አይሮጥም። ይህ ከሁሉ ቀላል የሚመስለው ሥራ ከሁሉ በላይ የሚተው ነው፤ ሰው እሳቱን ለማየት ይመለሳልና።

4. ምጣዱና ብሬከሩ

መከላከል ላይ አንድ ነገር ብቻ የመሥራት አቅም ካላችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ሥሩ። በአንድ ግቢ ስድስት ቤት በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ሁኔታ የተለመደ ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ሁለት ጎረቤታሞች ቅዳሜ ጠዋት አንድ ላይ ሲጋግሩ 32 አምፔር፣ አንዷ ላይ ስቶቭ ሲጨመር ደግሞ ከዚያ በላይ ይሆናል። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ከሆነ ይግላል፣ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ አንድ ቀን ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ውስጥ ይያያዛል።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ምጣዱ ግማሽ ሰዓት ከጋገረ በኋላ አጥፉትና ስፒናውን ንቀሉት፤ ከዚያ ላስቲኩን በእጅ ጀርባ ንኩት። ሞቅ ካለ ግንኙነቱ ልል ሊሆን ይችላል። የሚያቃጥል ከሆነ፣ ቀዳዳው ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተ እንጀራው ይቅር፤ እስኪጠገን ምጣዱ አይሰካ። መፍትሔው ከቆጣሪው ሳጥን በቀጥታ የሚመጣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከራሱ ባለ 20 አምፔር ብሬከር ጋር፣ በባለሙያ የተሠራ ነው። ምጣድን በዲቫይደር መሰካት በፍጹም አይሆንም።

ሌላው ስሕተት ከዚህ ይከፋል። ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር ሰው 20ውን አውልቆ 40 ያስገባል፤ አንዳንዱም በሽቦ ያገናኘዋል። መውረዱ ያቆማል፤ ቤቱም የተሠራለት ይመስለዋል። ብሬከሩ ግን የሚጠብቀው ሽቦውን ነበር። አሁን ሽቦው ከብሬከሩ በፊት ይቀልጣል ማለት ነው። በቤት ለቤት ዙራችሁ ብሬከሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፤ ሽቦው ቀጭን ሆኖ ቁጥሩ 32 ወይም 40 ከሆነ ያ ቤት ከሁሉ ቀድሞ ይጠገን። ባለቤቱ አቅም ከሌለው ዕድሩ ቢያዋጣ አይቆጭም፤ ግድግዳው የጋራ ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ጋጋሪዋ ምጣዱን ሳትነቅል ሰፌዱን ላዩ ላይ አስቀምጣ ገበያ ትሄዳለች። መብራቱ ሲመጣ ሰፌዱ ሣር ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ መብራት ከሄደ መጀመሪያ ምጣዱ ይነቀል፣ ከዚያ ሻማ ይፈለግ። ሻማውም ሳህን ውስጥ ውሃ አድርጎ እንጂ ቴሌቪዥን ላይ አይለጠፍ።

አደጋ ሲነሳ መብራት የሚቆርጠው ሰው ደረቅ ጣውላ ላይ ወይም የላስቲክ ጫማ አድርጎ፣ ደረቅ እጁን ተጠቅሞ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ዋናውን ብሬከር ያወርዳል። ሳጥኑ የሚቃጠለው ግድግዳ ላይ ከሆነ ወይም እርጥብ ከሆነ አይነካም፤ 905 ይደወላል። መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ «የሞተ» ቢመስልም ማንም 10 ሜትር አይቅረበው።

5. የማጥፊያ ዕቃ

ለአንድ ቡድን ሁለት ባለ 6 ኪሎ የደረቅ ዱቄት ማጥፊያ፣ ስድስት ባልዲ አሸዋ፣ ሁለት በርሜል ውሃ ይበቃል። በርሜሉ 200 ሊትር ይይዛል፤ በፈረቃ ውሃ በሚመጣበት ሠፈር ያለ በርሜል መተማመኛ የለም። ክዳን ይኑረው፣ «የአደጋ» ተብሎ ይጻፍበት፣ ልብስ ለማጠብ የሚቀዳ ሰው ካለ ተነግሮት ይቁም። አሸዋው ደረቅ መሆን አለበት፤ ክዳን የሌለው ባልዲ በክረምት ጭቃ ይሆናል፣ በበጋ የድመት መጸዳጃ ይሆናል።

ማጥፊያውን በወር አንድ ጊዜ እዩት፦ የጌጁ ቀስት አረንጓዴው ላይ፣ ፒኑና ፕሎምቡ በቦታው፣ ቱቦው ሳይሰነጠቅ። ከዚያ ገልብጣችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ወዝውዙት፤ ዱቄቱ ለዓመት ሳይነካ ከቆመ ታች ይጋገርና በጭንቅ ሰዓት አይወጣም። ትንሽ እንኳ ከተረጨ እንደ ባዶ ቁጠሩትና አስሞሉት፤ ጋዙ በቀስታ ያመልጣል።

አጠቃቀሙ፦ መውጫው ከጀርባችሁ ይሁን። ከእሳቱ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ። ፒኑን ንቀሉ፣ ቱቦውን ወደ እሳቱ ሥር አነጣጥሩ፣ እጀታውን ጨምቃችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ጥረጉት። ነበልባሉ አናት ላይ የተረጨ ዱቄት ይባክናል። ባለ 6 ኪሎው የሚቆየው ከ15 እስከ 20 ሰከንድ አካባቢ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል፦ አንድ ማጥፊያ አልቆ እሳቱ ካልጠፋ፣ ወይም ነበልባሉ ኮርኒስ ከነካ፣ ውጡና በሩን ገርበብ አታድርጉት፤ ግጥም አድርጋችሁ ዝጉት። የተዘጋ በር እሳቱን አየር ይከለክለዋል።

ዘይት የያዘ መጥበሻ ሲያያዝ ውሃ አይረጭበትም፣ መጥበሻውም አይነሳም። ምድጃው ይጥፋ፣ በብረት ትሪ ይከደን፣ እስኪቀዘቅዝ አይከፈት። ጋዝ ከሸተተ ማብሪያና ማጥፊያ አይነካ፣ ስልክ እዚያው አይደወል፤ የሲሊንደሩ ቁልፍ ይዘጋ፣ በርና መስኮት ይከፈት፣ ሰው ይውጣ። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ ሽታው ከአፍንጫ ጠፋ ማለት ከቤት ወጣ ማለት አይደለም። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ከተነፋ ይፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው እስከ ዛሬ አለ፤ አስቁሙት።

6. ሰው ማውጣትና ዕቃ ማውጣት

ማስጠንቀቂያችሁ ፊሽካ ይሁን፦ ሦስት ረጅም፣ እረፍት፣ ሦስት ረጅም። የዕድሩን ጡሩምባ አትጠቀሙ። ጡሩምባ ሲነፋ ሰው ማን ሞተ ብሎ ጆሮውን ይሰጣል እንጂ ልጁን ይዞ አይወጣም።

አውጪዎቹ መጀመሪያ የሚሄዱት ዝርዝሩ ላይ ወዳሉት ብቻቸውን መውጣት ወደማይችሉት ነው፤ እሱም ገና ጭስ ካልገባበት ቤት። መራመድ የማይችልን ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ ለሁለት መሸከም ወይም ብርድ ልብስ ላይ አስተኝቶ በራስ በኩል መጎተት ይቻላል፤ አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከም ከሞከረ በጠባብ በር ላይ ሁለቱም ይወድቃሉ። የተዘጋ በር ከመክፈታችሁ በፊት በእጅ ጀርባ ንኩት፤ ትኩስ ከሆነ አይከፈት። ጭስ ውስጥ ያለ ሰው በጉልበቱና በእጁ እየዳኸ ይውጣ። እርጥብ ፎጣ አፍ ላይ ማድረግ ጥላሸት ይቀንስ ይሆናል፤ የሚገድለውን ጋዝ ግን አያስቀርም። ስለዚህ «ፎጣ አርጥቤ ልግባ» የሚልን ወጣት ያዙት።

የወጣ ሰው ሁሉ ቀድሞ በተመረጠ አንድ ቦታ ይሰብሰብ፤ የትምህርት ቤት ሜዳ ወይም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ዝርዝሩን ይዞ በቤት ቁጥር ይቁጠር። «ሁሉም ወጥቷል» የሚል ጩኸት ቆጠራ አይደለም።

ዕቃን በተመለከተ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ቃጠሎ ሲነሳ ሰው ሶፋውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ ፍራሹን አውጥቶ ቅያሱ ላይ ይከምራል። ለአሥር ዓመት ለፍቶ የገዛው ነውና አይፈረድበትም። ግን ያ ክምር የእሳት አደጋውን ቱቦ ያግዳል፣ እሳቱም ከዕቃ ወደ ዕቃ ይሻገርበታል። ስምምነቱ ይህ ይሁን፦ ቅያስ ላይ ምንም አይቀመጥም፤ የሚወጣ ዕቃ እስከ መሰብሰቢያው ሜዳ ይደርሳል፣ እዚያም ሁለት ሰው ይጠብቀዋል። መታወቂያ፣ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል፣ የባንክ ደብተርና የልጆች ሰርተፍኬት በአንድ ላስቲክ ቦርሳ ተደርጎ በር አጠገብ ቢሰቀል ሰው ለወረቀት ብሎ ወደ እሳት አይመለስም።

7. ቃጠሎ የነካው ሰው

የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል፣ ማር አይቀባም። ሙቀቱን ሥጋው ውስጥ ያስቀሩታል፤ ሐኪሙም መልሶ ለመፋቅ ሕመምተኛውን ያሠቃያል። የሚሠራው ውሃ ነው፦ ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ ግን በረዶ ያልሆነ፣ ለ20 ደቂቃ። ቧንቧ በማይኖርበት ቀን እንዲህ አድርጉ። 20 ሊትር ጀሪካን፣ አንድ ሊትር ጆግና ሰዓት ያዙ። አንድ ጆግ በአንድ ደቂቃ ቀስ ተደርጎ በተቃጠለው ላይ ይፍሰስ፤ ጀሪካኑ ባዶ ሲሆን ሃያ ደቂቃው ሞልቷል። ውሃውን ከታች ባልዲ ይቀበለው፣ ሰውየው እንዳይበርደው ሌላው አካሉ በብርድ ልብስ ይሸፈን። ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት ሳያብጥ በፊት ይውለቅ። ቆዳ ላይ የተጣበቀ ልብስ አይላቀቅ፣ ውሃ የቋጠረ አይፈንዳ። ከዚያ በንጹሕ ላስቲክ ወይም በታጠበ አንሶላ ልል ተደርጎ ይሸፈን። ፊት፣ እጅ፣ ብልት ወይም መጋጠሚያ ከነካ፣ ከሕመምተኛው መዳፍ ከሰፋ፣ ወይም ሕፃን ከሆነ 907።

የከሰል ጭስ ያፈነውን ሰው መጀመሪያ ወደ ውጭ አየር አውጡት፣ 907 ደውሉ። ወተት ወይም ሎሚ ማጠጣት ከሰሉ የሚያወጣውን መርዛማ ጋዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) ከደም ውስጥ አያወጣም፤ ራሱን ለሳተ ሰው ማጠጣት ደግሞ ያንቀዋል። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት። ያ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከሰሉ ሲቀላ ጭሱ ስለሚጠፋ ሰው ደኅና መስሎት ይዞት ይተኛል። ምድጃው ሳይወጣ ማንም እንዳይተኛ በየቤቱ ንገሩ፣ በተለይ ልጆች ብቻቸውን በሚያድሩበት ቤት፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ።

8. የክረምቱና የበዓሉ ሥራ

የጎርፍ መውረጃ ቦዩ የሚጠረገው ግንቦት ላይ ነው፤ ሐምሌ ላይ የተጀመረ ጠረጋ ዝናብ ይቀድመዋል። የወጣውን ደለል ቦዩ ዳር አትከምሩት፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል። በዚያው ቀን በጆንያ ይነሣ። በቀበና፣ በግንፍሌና በባንቲይቀጡ ዳር ያሉ ቤቶች በዝርዝሩ ላይ ለብቻ ምልክት ይደረግባቸው። ወንዞቹ ከእንጦጦ በኩል ይወርዳሉና እናንተ ጋ ጠብታ ሳይኖር ሊሞሉ ይችላሉ፤ ወደ ላይኛው ሠፈር ያለ አንድ ሰው ስልክ መያዝ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ጎርፍ በሞላው መንገድ የሚሄድ ሰው እንጨት ይዞ ከፊቱ ይንካ፤ ክዳኑ የተወሰደ ማንሆል ከላይ አይታይም።

ለቡሄ ችቦና ለሠፈር ደመራ ቦታው ከመብራት ሽቦ ሥር ያልሆነ፣ ከቤትና ከታዛ 10 ሜትር የራቀ ይሁን። አንድ በርሜል ውሃና አንድ ሰው ከፍሙ ጋር እስከ መጨረሻው ይቆያሉ።

በታኅሣሥና በጥር 2017 ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ተሰምቶ ፎቅ ላይ ያለ ሰው በደረጃ ሲሮጥ ነበር። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ንውጽውጽታው እስኪያቆም ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብታችሁ እግሩን ያዙ፤ ከመስታወትና ከቁም ሣጥን ራቁ። መውጣቱ ከዚያ በኋላ፣ በደረጃ፣ ያለ ሊፍት ነው።

9. ልምምዱ

በሦስት ወር አንድ ጊዜ፣ አንዱ በሥራ ቀን ከሰዓት፣ አንዱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት። ቀድማችሁ ለወረዳውና ለነዋሪው ተናገሩ፣ 939ን ለልምምድ አትደውሉ፤ ደዋዩ ካርዱን ለሌላ አባል ያንብብለት፣ ያም አባል ሠፈሩን የማያውቅ ሰው ሆኖ ይጠይቀው። ሦስት የጊዜ ርዝመት ለኩ፦ ከፊሽካው እስከ ስልኩ፣ ከፊሽካው እስከ ብሬከሩ፣ ከፊሽካው መንገድ መሪው ዋናው መንገድ እስኪደርስ። ስልኩ ከአንድ ደቂቃ፣ ብሬከሩ ከሁለት ደቂቃ ካለፈ የት እንደዘገየ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ መልሱ «ቆጣሪው ያለበት ክፍል ተቆልፎ ነበር» የሚል ይሆናል።

የቡድኑ ቦርሳ የእጅ ባትሪ፣ የቆዳ ጓንት፣ ፊሽካ፣ 20 ሜትር ገመድ፣ ዲጂኖ፣ እጀታው የተሸፈነ ፔንሳ፣ ፋሻና ጎዝ፣ ሁለት ሰደርያ፣ እስክሪብቶና ዝርዝሩን ይይዛል። የባትሪ ድንጋዩ ከባትሪው ወጥቶ ለብቻው ይቀመጥ፤ ውስጡ ከቆየ ይፈስና መሣሪያውን ይበላዋል። ቦርሳው ዕድሩ ዕቃ ቤት አይቆለፍ። ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ወይም ገጠር ሄዶ ሊሆን ይችላል። ጥበቃው ቤት ወይም እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በሚከፈተው ሱቅ ሚስማር ላይ ይሰቀል፣ ባለሱቁም ሌሊት በሩ ሲንኳኳ ምን አውጥቶ እንደሚሰጥ ይወቅ።